ቀጭኑን ውሻ ይዤ ወደ ያዮ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መቱ

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ የቡና ልማት ሠራተኛ፣ እንጀራዬ ችግኝ ጣቢያ ለችግኝ ጣቢያ መዞር። በዚህ ጉዞ ግን ውሻ አደራ ተሰጥቶኛል። ሽቦ ይባላል፤ ባለቤቱ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሼ ወልዴ ናቸው። የእብድ ውሻ ወሬ ከተነሣ ወዲህ ቀበሌው የታመመ የመሰለውን ሁሉ ሊያጠፋ ቆርጧል። የሽቦ ጎድን አጥንት ደግሞ አንድ ባንድ ይቆጠራል። እስከ ዓርብ ከከተማው ካልወጣ መርዝ ይሰጠዋል።

«አልታመመም፤ አፈጣጠሩ ነው» አሉኝ ገመዱን ሲያስረክቡኝ። «የያዮዋ እህቴ ካልተቀበለችው ግን መልሰህ አታምጣብኝ። ሲሞት ማየት አልችልም።»

የሽቦን እናት በጋምቤላ በኩል ወደ ጎሬ የወጣ የሱዳን ነጋዴ ነው ያመጣት። ዘሩ የበረሃ ነው፤ ዐረቦች ሚዳቋና ጥንቸል ያድኑበታል። ሌላው ውሻ በአፍንጫው ሲፈልግ ይህ በዓይኑ ያድናል። አያያዙንም አስጠንተውኛል። በልቶ ወዲያው አይሩጥ፤ ጸጉሩ ስስ ነውና ደረቅ ጆንያ ይነጠፍለት፤ ያየውን ከተከተለ ጥሪ አይሰማምና ሜዳ ካልሆነ አይፈታ። ቁጣም አይወድም፤ የጮኸበትን ሰው ሁለት ቀን ያኮርፋል።

ሦስት ሰዓት፣ ሁሩሙ

የኤንትሬው የጭነት መኪና ሹፌር ጋቢናዬ ውስጥ ውሻ አይገባም ብሎ ነበር። ሽቦ እግሬ ሥር ተጠቅልሎ ጭጭ ሲል ግን፣ ካንተ እሱ ይሻላል፣ ወሬ አያበዛም አለኝ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀቴን ያገላበጠው ጠባቂም ለውሻው ወረቀት ይኖረው እንደሆነ በቀልድ ጠየቀኝ።

ሁሩሙ የገበያ ቀን ነው። ማር ሻጮቹ ሽቦን ሲያዩ ከበቡን። አንዲት እናት «ሰሬን ኩን ቤላኤ» አሉ፤ ይህ ውሻ ተርቧል ማለታቸው ነው። ከዚያ ስድቡ ሁሉ በእኔ ላይ ወረደ። ጨካኝ ተባልኩ፣ ንፉግ ተባልኩ። አንዷ ቂጣ፣ ሌላዋ የተቀቀለ ጎደሬ ዘረጉለት። ሽቦ አሸተተና አንገቱን አዞረ። ውሻ ሆኖ እንዲህ የሚግደረደር አይቼ አላውቅም፤ ወደድኩት።

ስምንት ሰዓት፣ ያዮ

የጋሼ ወልዴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ በቡናው ጫካ ጥግ በቆሎ ዘርተዋል። ጦጣ እየጨረሰባቸው ነው። ሽቦን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ወንድሜ ውሻ እልካለሁ ብሎ አጥንት ላከልኝ? ለመሆኑ ይጮሃል?»

መዋሸት አማረኝ። ግን የሰው እህል የሚጠበቅበት ጉዳይ ነው።

«አይጮህም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው መልሰህ ውሰደው።»

ነገ ዓርብ ነው።

ድንገት ገመዱ እጄ ላይ ጠበቀ። ሽቦ አንገቱን መዝዞ ማዶ ያያል። እኔ ምንም አላየሁም፤ እሳቸውም አላዩም። ቆይቶ ነው በጫካውና በበቆሎው መካከል ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ጦጣዎች ሲወጡ የታዩን። ፈታሁት።

ሩጫ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጀርባው እየታጠፈ ሲዘረጋ አራቱም እግሮቹ ከመሬት ይነሣሉ፤ ኮቴው እንኳ አይሰማም። ጦጣዎቹ ያዩት ሊደርስባቸው ሲል ነው። ተንጫጭተው ዛፍ ላይ ወጡ። አንድም አልያዘም፤ ጫካው ግን በጩኸታቸው ተናወጠ። ሽቦ ዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል፣ ድምፅ የለውም።

እትዬ ወርቄ ጫጫታውን እስኪበቃቸው አዳመጡ።

«እሱ ባይጮህ እነሱ ይጮኹለታል» አሉና ገመዱን ከእጄ ወሰዱ።