ሐዲድ ያልተነጠፈበት መንገድ

ሱልጣና ከወሎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የመጣችው ባሏን ከድሩን ተከትላ ነው። ከድሩ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ከጣቢያው ተነስቶ ወደ ጥጥ እርሻ ይዘረጋል በተባለ የባቡር መስመር ሥራ ተቀጥሮ አፈርና ጠጠር ሲያመላልስ ከረመ። መስመሩ ተቆልሎና ተደልድሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ አብዮቱ ፈነዳ። መሐንዲሶቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ፤ ሐዲዱም ሳይመጣ ቀረ። ከድሩ ጣቢያው ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ ሆነ። የሰፈሩ ሰው «ባቡርህ መቼ ነው የሚገባው?» ሲለው አብሮ ይስቃል። ሱልጣና ግን አይዋጥላትም ነበር፤ ባሏ ወገቡን ያጎበጠበት ሥራ መሳቂያ መሆኑ ያንገበግባታል።

እሷ ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ልጇ ሀምዳ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ልጆቹ የሚመላለሱት የአሰብ ከባድ መኪኖች በሚበሩበት አስፋልት ዳር ነው። የተደለደለው መስመር ደግሞ ከሰፈሩ ተነስቶ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ያልፋል። በዚያ የማይሄዱት ጥላ ስለሌለው ብቻ ነው። እንግዲያው ጥላ ላብቅል ብላ ተነሳች።

መጀመሪያ የተከለቻቸውን ችግኞች የአፋሯ ጎረቤቷ የመዲና ፍየሎች በሁለት ቀን ጠራርገው በሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ሳምንት ሙሉ ተኮራረፉ። በኋላ መዲና ራሷ መጥታ፣ ዱብቲ ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ ፍየል ቀምሶ የሚተወው ዛፍ ማየቷን ነገረቻት፤ ኒም ይሉታል፣ ቅጠሉ እንደ ኮሶ ይመራል። ሱልጣና ጥጥ በሚያመላልስ ሾፌር በኩል አንድ ጣሳ ፍሬ አስመጣች። ፍሬው በቀለ። የአንሶላውን እጣቢ ከድሩ በጣቢያው የእጅ ጋሪ እየገፋ ያደርሳል፣ እሷ ታጠጣለች። ፍየሎቹም አንድ አንድ ጊዜ ቀመሱና ፊታቸውን አዞሩ።

በሦስተኛው ዓመት ዛፎቹ ሰው ሲያክሉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር እሸቴ የመስመሩ ጠጠር ተዝቆ ለአዲሱ አዳራሽ መሠረት እንዲውል ወሰነ። ሱልጣና ቢሮው ድረስ ሄዳ ለመነችው። ባቡር የማይሄድበት መንገድ ለማን ይቀመጥልሽ ብሎ መለሳት።

በዚያው ሰሞን ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ፤ የዛፍ ተከላ ዘመቻውን ውጤት የሚጎበኝ ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ቀበሌው የተከላቸው አምስት መቶ ችግኞች ግን አንድም ሳይተርፍ ደርቀዋል። እሸቴ በማለዳ ልብስ ከምታጥብበት ድረስ መጣና ይቀመጡ ሳትለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የዛን ዕለት «አንቺ» ማለቱንም ትቶታል።

«እትዬ ሱልጣና፣ እነዚያን ዛፎች የቀበሌው ናቸው ብንል ቅር ይልዎታል?»

እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። «ወላሂ ቅር አይለኝም ጓድ ሊቀመንበር፤ የፈለጋችሁት ሰው ተከላቸው በሉ። ጠጠሩን ግን እንዳትነኩት። ይህንንም በማኅተም ይጻፉልኝ።»

ጻፈላት።

ኮሚቴው በመጣ ጊዜ አንዱ እንግዳ የዛፉን ስም ጠየቀ። እሸቴ ወደ ሰማይ ተመለከተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በመጨረሻም ወደ ሱልጣና ዞረ። እሷም ከፍየሎቹ ጀምራ እስከ ሳሙና ውሃው ድረስ አንድም ሳታስቀር ተረከችላቸው። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሸቴም የሚያደርገው ቢጠፋው አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን በኋላ በየሳምንቱ አንድ በርሜል ውሃ ከቀበሌው ይላክላት ነበር።

ልጆቹ አስፋልቱን ተዉት። መዲና ከጥላው ሥር የፍየል ወተት መሸጥ ጀመረች፤ ከመስጊድ የሚመለሱ ሽማግሌዎችም እዚያው አረፍ እያሉ ይጨዋወታሉ። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሀምዳ ስትዳር፣ ሆቴሉ መኪና ሊያውሳቸው ነበር። ከድሩ አመስግኖ መለሰው። አዲሱን ሽርጡን አገልድሞ፣ የልጁን እጅ ይዞ፣ ድቤ የሚመቱትን ሴቶች አስከትሎ፣ በገዛ እጁ በደለደለው መንገድ ላይ ቀስ እያለ እስከ ሙሽራው ቤት ሸኛት። ሱልጣና ከኋላ ሆና ጀርባውን እያየች፣ ድምጿ እስኪዘጋ ዘፈነች።