እናቴ «ትንሽ» ያለችው ሕመም

ደርግ ወድቆ ቱሪስት መመለስ በጀመረባቸው ዓመታት ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አንድ «ቬሪ» ይበቃል ተብለን ነበር፤ መንገድ ላይ ግን አንዱ ቬሪ ማንንም ዞር አያሰኝም። ቤተ ክርስቲያኑ «ቬሪ ቬሪ ኦልድ» ነው፣ የአሸተን ማርያም ዳገት «ቱ ማች» ነው፣ በቅሎዋ «ሶ ጉድ» ናት። ፈረንጆቹም በተራቸው ጠላውን ሳይቀር «አሜዚንግ» ይሉታል። ማጋነን እንጀራዬ ነበር፤ ደግሞም ጎበዝ ነበርኩ።

አንድ በጋ የውጭ አገር ሐኪሞች ለሦስት ቀን መጥተው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሰው ማየት ጀመሩ። እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ። በሩ ላይ አንዲት ነርስ ተቀምጣ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ታቀርባለች፦ ምን ያህል ያምሃል? በጣም ያመመው ወደ ሐኪሙ ይገባል፤ ትንሽ ያመመው ክኒን ተሰጥቶት ይሸኛል።

የእኛ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል። እግራቸው አብጦ ቆዳው የተወጠረ አንድ አዛውንት «ተመስገን፣ ትንሽ ትቆረጥመኛለች» አሉኝ። ግማሽ ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው «ትንሽ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ነርሷን «ቬሪ ቬሪ ባድ» አልኳት። አዛውንቱ ገቡ። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ እንዲህ ስል ዋልኩ፤ ሐሰት ተናገርኩ ብዬም አላሰብኩም።

በሁለተኛው ቀን እናቴ መጣች። ጎኗን በእጇ ደግፋ፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆመች ነበር የምትራመደው። ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ የነበረች ሴት «የአስተርጓሚው እናት ናቸው እኮ! እሳቸውማ ምን ገዷቸው፣ ገብተው ነው የሚወጡ» አለች። ቀልድ ነበር፤ ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

ነርሷ ጠየቀች። እናቴ «ኧረ ተመስገን በላት ልጄ። ጎኔን ትንሽ ወጋ ያደርገኛል እንጂ ደህና ነኝ» አለች።

«ኤ ሊትል» አልኩ።

ነርሷ የእናቴን ፊት ትኩር ብላ አየች። «ኤ ሊትል ብቻ?» በሚል አኳኋን ደግማ ጠየቀችኝ። ሰልፈኛው ያየኛል። ለማንም ባዕድ ስደረድረው የዋልኩት ቬሪ አንዱ እንኳ ከአፌ አልወጣ አለ። «የስ» አልኳት። እናቴ ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ልመልሳት እችል ነበር። ከሰዓት አመጣታለሁ ስል ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ እናቴ ከመደብ መነሣት አቃታት። በቃሬዛ አውርደን፣ በመኪና በጋሸና አድርገን ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። እሱ በአማርኛ ነው የነገረኝ፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለ፣ አሁን ግን ወደ ቤት ይዛችኋት ግቡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእናቴን በሽታ የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በይሉኝታ፣ ስማቸውን እንኳ ለማላውቃቸው ሰልፈኞች ብዬ።

ቤት ከተመለስን በኋላ ጎረቤት ሊጠይቃት ይመጣ ነበር። አንድ ከሰዓት አንዲት አሮጊት «ምነው ያኔ ፈረንጆቹ ሳሉ ልጅሽ ባሳየሽ» አሏት።

እናቴ ድምጿ ሰልሎ «ታይቻለሁ እኮ» አለች። «ልጄ አይደለም ወይ ያስረዳልኝ? ያልኩትን አንዲት ሳያጎድል፣ አንዲት ሳይጨምር ነው የነገረልኝ። የእግዜር ፈቃድ ሆነና ነው።» ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። «አንደበትህ ይባረክ፣ ልጄ።»

አሮጊቷ ያዩኝ ነበር፤ ምርቃት ተቀብሎ ዝም አይባልም። አሜን አልኩ።