ብርማው ይሻላል ወይስ ጥቁሩ

እኅቴ ከጅዳ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ አባታችን ጤና ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ታናሻችን። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ላፕቶፕ ልገዛላችሁ ነው» አለችኝ። «አንድ ብቻ ነው የምችለው። ላንተ ሥራም ለሱ ጨዋታም የሚሆነውን ምረጡ። ርካሽ እንዳትመርጡ ደግሞ። ቀጭን ይሁን፤ ታቅፎት ስለሚውል እንዳይከብደው።»

ይህ የሆነው መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። የአገሩ ወጣት ወደ ዓረብ አገር የሚጎርፍበት ዘመን ስለነበር የፓስፖርት ፎቶ የሚነሳው ብዙ ነው። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሰርግ፣ መውሊድና የወረዳ ስብሰባ እቀርጻለሁ። የነበረኝ ኮምፒውተር ጠረጴዛውን ሙሉ የያዘ አሮጌ ነው። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ አቀናብሮ ለማውጣት ውሎ ያድራል፤ ሊጨርስ ሲል መብራት ይጠፋና ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል።

ታናሻችን ሾፌር ነበር። ከአቀስታ ስንዴ ጭኖ ሲመለስ፣ በጉም ውስጥ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ረዳቱ በጭረት ተረፈ። ወንድሜን ግን አከርካሪው ላይ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ከወገቡ በታች አካሉ አልታዘዝ አለው፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ሐኪሞቹ ሲያሰናብቱን በአንድ ጎኑ ብዙ እንዳይተኛ፣ እሳት ዳር እንዳይቀመጥ፣ ትኩስ ውሃ እንዳይፈስበት አስጠንቅቀውን ነበር። እኛም ምክራቸውን ጠበቅን። ሻይ እንኳ እስኪበርድ ድረስ በእጁ አንሰጠውም ነበር።

ከቤት ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጓደኞቹ ሲመጡ የተኛ ይመስላል፤ ሲሄዱም አይዞርም። አባታችን የቁርኣን መምህር ናቸው፤ ደረሶቻቸውን ካሰናበቱ በኋላ መጥተው ከራስጌው ይቀመጡና ዱአ ያደርጉለታል። «አሚን» ይላል፣ ግን ወደ ግድግዳው ነው። ሰው ቢያይ ይሻለዋል ብዬ ፎቶ ቤቱ ጓዳ አልጋ ዘረጋሁለት። አንድ ደንበኛ በፍላሽ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አምጥቶ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የጫነው እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ አልቻለውም፤ መኪናው አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይደርቃል። ወንድሜ ግን የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ዞረ።

«ማርሹን ያለ ቦታው ነው የቀየርከው» አለው ደንበኛውን። ከአደጋው ወዲህ ሳይጠየቅ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ይህንኑ ለእኅቴ ነገርኳት፤ የላፕቶፑ ሐሳብ የመጣላት ከዚያ ነው።

ለሐኪም ቀጠሮ ደሴ ስንሄድ አንድ ኮምፒውተር ሻጭ ዘንድ ጎራ አልን። ሱቁ ፎቅ ላይ ስለሆነ ወንድሜን በዊልቸር ማውጣት አልቻልንም። ሻጩ ቸር ሰው ነበር፤ ሁለት ላፕቶፕ ይዞልን ወረደና ሥር ካለው ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንዱ ብርማ ነው፣ አንዱ ጥቁር። ሁለቱም ከውድ ወገን፣ ሁለቱም ቀጭን።

ብርማውን ሳነሳው ክብደቱ ከባዶ ትሪ አይበልጥም። የሰርግ ፎቶ ከፈትኩበት፤ የሙሽራይቱ ፊት ልክ እንደ ራሷ ሆኖ ታየኝ፣ ሂናዋ ሳይቀር። ባትሪው ረጅም ሰዓት እንደሚቆይ ሻጩ ነገረኝ። መብራት ቢጠፋ ሥራዬ አይቋረጥም፤ ገጠር ሰርግ ስሄድም በትከሻዬ አንጠልጥዬው እወጣለሁ። ድምፅም የለውም። ልቤ ወደ እሱ ሄደ።

ጥቁሩ ትንሽ ይከብዳል። ቻርጀሩ ጡብ ያህላል፤ ስክሪኑም የሙሽራይቱን ነጭ ቀሚስ ወደ ሰማያዊ ይስበዋል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ግን ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ አለው። ያመጣሁትን አንድ ቁራጭ ቪዲዮ በሁለቱም ላይ እንዲያወጡ አዘዝኳቸው፤ ብርማው ገና መሐል ላይ ሳለ ጥቁሩ ጨርሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ጌሙን ጫንንባቸው። ወንድሜ ብርማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጀመረ። ሜዳው ላይ ደኅና ሄደ፤ ከተማ ሲገባ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄ ዳገት አይወጣም» አለና መለሰልኝ።

ጥቁሩን ሰጠሁት። መኪናው እንደ ውሃ ፈሰሰ። መስታወቱ ላይ የዝናቡ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። ወንድሜ የታች ከንፈሩን ነክሶ፣ ትከሻውን ወደ ኩርባው ዘንበል እያደረገ ነዳ። የሻይ ቤቱ ሰው መነሳት አቃተው።

ሻጩ ከሥሩ እጁን ሰደደና፣ «አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሲጫወቱበት ይሞቃል። ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም» አለ።

«እኔን ምን ያደርገኛል?» አለ ወንድሜ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «እግሬ እንደሆነ አይሰማው።»

ሦስታችንም ሳቅን። በገዛ እግሩ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ። እኅቴ ስትደውል ሁለቱንም ዘርዝሬ ነገርኳት። «እሱ የቱን ወደደ?» አለች። «ጥቁሩን።» «ያንተስ ቪዲዮ?» «በሱ ይፈጥናል።» «በቃ፣ ጥቁሩ ነው» አለች፤ ብሩንም ላከችልን።

አባታችን ላፕቶፑን ሲያዩ ቁርኣን እንደሚጻፍበት ሉህ አገላብጠው መረመሩት። ጨዋታ ብዙም አይወዱም፤ ልጃቸው ቀና ብሎ ሲስቅ ሲያዩ ግን አልከለከሉትም። ጧት ጧት እኔ እሠራበታለሁ፤ ከአሱር ሶላት በኋላ የሱ ነው። የድሮ ጓደኞቹ፣ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ከሥራ ሲመለሱ ጓዳውን ይሞሉታል።

«ያረቢ! አንድ ኮረኮንች የለውም እንዴ መንገዱ?»

«ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ! ከባድ መኪና እየመጣ ነው!»

«አብሽር፣ አይቼዋለሁ።»

አንድ ቀን አባታችን በሩ ላይ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ጭነቱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ብረት ነው አባ።»

«ቀስ በል እንግዲህ» አሉትና ወደ መግሪብ ሶላታቸው ሄዱ።

ክረምቱ ሲገባ ብርዱ ስለጠና ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ላፕቶፑን በብርድ ልብሱ ሥር ጭኑ ላይ አድርጎ መጫወት ጀመረ። እኛም ሞቆት ዋለ ብለን ደስ አለን።

አንድ ዓርብ ለጁምዓ ላጥበው ሱሪውን ሳወልቅ ጨርቁ ከጭኑ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። በሁለቱም ጭኖቹ ላይ ቆዳው ጠቁሯል፤ መሐሉ ተቀዶ ውኃ ያዣል። ሽታው ያን ጊዜ መጣብኝ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው ነው ያየው።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች፣ «እሳት ዳር ተቀምጦ ነበር?» አለችኝ። ማልኩላት። «ጭኑ ላይ ምን ያስቀምጣል ታዲያ?» ስትል ሁለታችንም ተያየን። መልሱን የሰጣት እሱ ነው። ነርሷ አልተቆጣችም። «የማይሰማው አካል ለብ ባለ ነገርም ይቃጠላል» አለችና ቁስሉን አሰረችው።

ጎረቤታችን አናጢ ነው፤ ይህን ሲሰማ በዚያው ቀን ከአልጋው ላይ የሚቆም ጠረጴዛ ሠርቶ አመጣ። ክርስቲያን ነው፤ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በኢድ ከኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም። «አላህ ይማርህ» አለው ጠረጴዛውን እየገጠመ። ወንድሜም በጠረጴዛው ላይ ጥቂት ነዳ። ቁስሉ ግን ወደ ውስጥ ሄደ። በጤና ጣቢያው ደም በደንብ የማይዞርበት እግር አይድንም አሉን። ትኩሳት ያዘው፣ ምግብ እምቢ አለው። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን፣ ያንኑ የተገለበጠበትን መንገድ ይዘን ደሴ ገባን።

ሆስፒታል ውስጥ የቻሉትን ሁሉ አደረጉለት። ትኩሳቱ ሲበርድለት አእምሮው ሙሉ ነበር። አንድ ቀን እጄን ጎተተኝ።

«ጋሼ፣ በማሽኑ እንደሆነ ለእቴ እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ብዙ አልቆየም። ጀናዛውን ይዘን መካነ ሰላም ስንገባ ሾፌሮቹ መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው ይጠብቁን ነበር። አሱር ከተሰገደ በኋላ ቀበርነው።

አባታችን ለእኅቴ እንዳይነገራት ወሰኑ። በሰው ቤት፣ አጽናኝ በሌለበት አገር መርዶ አይነገርም፤ ስትመጣ ትስማ አሉ። በየሳምንቱ ትደውላለች። «እየነዳ ነው?» ትለኛለች። «ተኝቷል» እላታለሁ፣ ወይም «ኔትወርኩ አስቸገረ» እላለሁ። አንዳንዴ ጓዳ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ የሰው ሰርግ እያቀናበርኩ ሳለ ነው የምትደውለው። የፋኑ ድምፅ ይሰማትና፣ «ይኸው፣ ይጫወታል አይደል!» ብላ ትስቃለች።

የሥራ ውሏን ጨርሳ ስትመጣ ደሴ አክስታችን ቤት አሳደርናት። ማለዳ ላይ አባታችን፣ እኔና ጎረቤቶች ገብተን ነገርናት። ታሞ ነው አልን። እንዴት እንዳለቀሰች አልጽፈውም። መካነ ሰላም ገብተን ለቅሶ ላይ ሳለን ግን አንዲት ሴት ልታጽናናት ስትል፣ «ምን ይደረግ ልጄ፣ ያ ኮምፒውተር አቃጥሎት እኮ ነው» አለቻት።

እኅቴ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ፊቴ ላይ አገኘችው። ከዚያ ወደ አባታችን ዞረች።

«እኔ ነኝ የላክሁት አባ።»

«ልጄ፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው። አንቺ ደስታ ነው የላክሽለት» አሏት።

«ብርማውን ብል ኖሮስ?»

ብርማውም ቢሆን ይሞቅ እንደሆነ፣ ያን ያህል ይሞቅ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰላስያለሁ። አላውቅም። ዳገት የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ቶሎ ይተወው ነበር ይሆናል፤ ያ ማለት ግን ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር ማለት ነው።

እኅቴ ከእኔ ጋር ፎቶ ቤት መሥራት ጀመረች። ፎቶ ታነሳለች፣ ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ወደ ጓዳ ግን አትገባም ነበር። አንድ ቀን ላፕቶፑን ልሽጠው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ሥራህስ?» አለችኝ። ስለዚህ ሠራሁበት፤ ሌላ አቅም አልነበረኝም።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ጧት ሹራቧን አስተካክላ፣ ከነጩ ጨርቅ ፊት ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ የፓስፖርት ፎቶ አንሳኝ» አለችኝ። አነሳኋት። መስከረም ሳይጠባ ወደ ጅዳ ተመልሳ ሄደች።