ከቆርቆሮው ቤት ጎን የነበረው ዝሆን

ስለዚያ ጉዳይ በእጄ የቀረው አንድ ካርቶን ብቻ ነው፤ የመመረቂያ ጥናቴ ቅጂ ጠፍቷል። ሌላውን የምጽፈው ከትዝታዬ ነው። ትዝታዬ ደግሞ የሰዎችን ንግግር እያቃና እንደሚያኖር ስለደረስሁበት፣ ከዚህ በታች የሚነበበውን ሁሉ ቃል በቃል ተብሏል ብዬ አልምልም።

በደርግ ዘመን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ፣ መናገር የተሳናቸው ሰዎች በሥዕል እንዴት ሊግባቡ እንደሚችሉ ለማጥናት ወደ አርባ ምንጭ ወረድሁ። ሲቀላ በተባለው የከተማው ክፍል ደም ግፊት ጥሏቸው አንደበታቸውና ቀኝ ጎናቸው የተያዘባቸው አንድ አረጋዊ የዶርዜ ሸማኔ ነበሩ። ካርቶኑን በመስመር ከፋፍዬ ውሃ፣ ምግብ፣ ሕመም፣ ቤት ሣልሁላቸው። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ነበረው። አንድ ጥግ ባዶ ስለቀረብኝ ከመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ ዝሆን ቀድቼ ሞላሁት።

ባለቤታቸው፣ ሰውየው ደጋው ላይ ወዳለው ዶርዜ ወጥተው በትውልድ ቤታቸው መሞት እንደሚሹ ያምኑ ነበር። ለመንገዱ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሊቀመንበሩ ግን «ባለጉዳዩ ራሱ ካልጠየቀኝ አልፈርምም» አለ። በቃሬዛ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰድናቸው።

«እሺ አባባ፣ ወዴት ነው መንገዱ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ካርቶኑን በጥርጣሬ እያየ።

ግራ እጃቸው የቆርቆሮውን ቤት አልፎ ዝሆኑ ላይ ዐረፈ። ጽሕፈት ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ጓድ ተማሪ፣ ሽማግሌው አደን ሊወጡ ነው እንዴ?» አለኝ ሊቀመንበሩ እየሳቀ።

«ቤታችን ነው፣ ጓድ» አሉ ባለቤታቸው። «የዶርዜ ቤት ፊቱ ዝሆን ነው። ኩምቢ አለው፣ ዓይን አለው። አንተ አላየህም? ይሄ ልጅ የሣለው የሲቀላ ቤት ነው።»

ሊቀመንበሩ ሳቁን ገታ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ የፈራ ይመስል ነበር።

«ይህ መናገር ይሁን አይሁን ብቻዬን አልወስንም። በኮሚቴ ይታያል።»

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሸማኔው ዐረፉ። ዘመዶቻቸው አስከሬኑን ተሸክመው ወደ ደጋው ሲያወጡት የይለፍ ወረቀት የጠየቀ አልነበረም።

ካርቶኑን ዛሬም አልፎ አልፎ አወጣዋለሁ። ዝሆኑ ያለው በግራ በኩል፣ ከታች ጥጉ ላይ ነው፤ የሸማኔው እጅ ሲዝል የሚወድቀውም ወደዚያው ነበር። ቤታቸውን ማለታቸው ይሁን፣ ወይስ ባለቤታቸው ለወደቀው እጅ ቃል ሰጥተውት ይሁን፣ አላረጋገጥሁም።