የወፍ ውሻ

ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ፣ ኢንሳፍ ዓሣ እየጠበሰች ወደምትሸጥበት የሐይቅ ዳር አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ ፀጉረ ረጅም የወፍ አዳኝ ውሻ በገመድ ይዘው ያስከትላሉ። የኢንሳፍ ዕቃ ውሻ ልሶት ነጃሳ እንዳይሆንባት ብለው የውሻዪቱን ሳህን ከቤት ይዘው ይመጣሉ፤ አበባ የተሳለበት የልጅ ሳህን ነው።

«አባባ፣ ያድኑባታል?»

«የለም፣ የልጆቼ ናት። እስኪመጡ እጠብቅላቸዋለሁ።»

ውሻዪቱ ወፍ ስታገኝ አንድ እግሯን አንስታ ቀጥ ትላለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሁልጊዜ ቀጥ የምትለው ከኢንሳፍ ምድጃ ማዶ፣ አፈር ከተመለሰበት ምሽግ ላይ ነው፤ ወፍ ዝር ከማይልበት።

ዛሬ ኢንሳፍን አላስቻላትም። «አባባ፣ ሰው ጠርተን ምሽጉን እናስቆፍረው?»

ሽማግሌው ገመዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ዓይናቸውን ከሐይቁ ላይ አላነሱም።

«ወፍ ነው» አሉ። «ወፍ ነው፣ ልጄ።»