እግሬ እስኪሻለኝ

ማርገዜን ያወቅሁት እኔና ባሌ ልንለያይ ከተስማማን በኋላ ነው። ጠብ አልነበረም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠም። እሱ መሥሪያ ቤቱ ሐረር መድቦት የመጣ ሰው ነው፤ ወደ አገሩ ዝውውር ጠይቆ ተፈቅዶለት ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ግን ለአንድ ቀን እንኳ «ነይ አብረን እንሂድ» አላለኝም። ሆዴ ሲታወቅ «እስክትወልጂና እስክትጠነክሪ እቆያለሁ» አለኝ። በሽተኛ የሚያስታምም ነበር የሚመስለው።

በሰባተኛው ወር እግሬ አበጠ። ጊደር መጋላ ገበያ፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ የቤት ዕቃ ስሸጥ ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ ጀጎል ውስጥ ወደተከራየነው ቤት ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ስደርስ የጫማዬ ማሰሪያ ሥጋዬ ውስጥ ሰምጦ አገኘዋለሁ። ጤና ጣቢያ ደም ግፊቴንም ሽንቴንም አይተው ደህና ነሽ አሉኝ። ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ፣ እስከዚያው እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ቀስ አድርጎ የሚያሽልሽ ሰው ካለም ጥሩ ነው አሉ።

ሰው ነበረኝ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ እጁን ይታጠብና እግሬን አንስቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። የሰሊጥ ዘይት በመዳፉ አሙቆ ከጣቶቼ ጀምሮ ወደ ባቴ ቀስ እያለ ያሻል። «ያምሻል?» ይለኛል። «አያመኝም» እለዋለሁ። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ በሰላም ያወራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አከራያችን፣ ትልቅ ሐረሪ ሴትዮ፣ አንድ ምሽት በሩ ላይ ቆመው አዩት። «ማሻአላህ! ልጄ፣ አላህ ያቆይልሽ» አሉኝ። «የኔው ሰውዬ እንኳን ሊያሽልኝ፣ ማበጤንም አላየ!»

ሳቅሁ። ምን ልበላቸው? ሰው ሁሉ ሲያደንቀው እኔም ተታለልኩ። እንዲህ እየተጠነቀቀ የሚነካኝ ሰው እንዴት ጥሎኝ ይሄዳል አልኩ። ሌላዋ እርጉዝ እብጠቱ ሲቀንስላት ደስ ይላታል፤ እኔ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬን አብጦ ሳገኘው ነበር ደስ የሚለኝ። ማርያምን በሰላም ገላግዪኝ እላትና፣ ቀጥዬ እብጠቱን ግን አትውሰጂብኝ እላት ነበር።

አንድ ቀን እያሸኝ ሳለ ደፈርኩ። «ልጁን ስታየው ሐሳብህን ትቀይር ይሆናል» አልኩት።

እጁ አላቆመም። «ሌላኛውን እግር ስጪኝ» አለኝ።

ሰጠሁት።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እብጠቱ ቶሎ አልለቀቀኝም፤ አራስ ሆኜም ያሸኝ ነበር። ልጅቷን አቅፎ ይስማታል፣ ለኔ አጥሚት ያቀርብልኛል፣ ስለ መሄድ አያነሳም። እኔም አላነሳሁም፤ ካላነሳነው የሚረሳ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሕፃኗን ሳጠባ ብርድ ልብሱን ገልጦ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱን ሲያነሳ የጎደጎደ ነገር አልነበረም። ሌላኛውንም ሞከረው።

«ተሽሎሻል» አለኝ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር።

እግሬን መልሶ አለበሰኝ። ከዚያ ሕፃኗ እንዳትደነግጥ ቀስ ብሎ፣ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ።