የሃድጉ በር

ፀሐይቱ ቀናተኛ ናት። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሷም በኩራት ትናገረዋለች። ባሏ ሃድጉ ካዛንቺስ ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል በአስተናጋጅነት ሲሠራ፣ የእንግዶችን ምግብና መጠጥ እስከ መኝታ ክፍላቸው የሚያደርሰው እሱ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ደግሞ ሴቶች አሉ። ስለዚህ ፀሐይቱ ማታ ማታ ነጭ ኮቱን ተቀብላ ከመስቀሏ በፊት አንገትጌውን ታሸትተው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም የክርና የቁልፍ ሱቋን ዘግታ ሆቴሉ ድረስ ሄደች፤ ፎቅ ስትወጣ ባሏ ትሪ ይዞ አንድ በር ላይ ቆሟል። በጣቱ ሁለቴ አንኳኳና ጠበቀ። «ግባ» እስኪባል ድረስ ንቅንቅ አላለም። በሩ ሲከፈት በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ፀሐይቱ ደረጃውን ተመልሳ ወረደች፤ አፈረች ግን አይባልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው መመሪያዋ።

ይቺ ሴት በስተርጅና፣ ባሏን ካንሰር አልጋ ላይ ከጣለው በኋላ፣ እንደገና ትቀናለች ብሎ ማን ያስባል? ቀናች፤ ያውም ከበፊቱ የባሰ።

ጥፋቱ የበሩ ነው። ካዛንቺስ በኖሩባት የቀበሌ ቤት መኝታውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነበር። ልጆች ያሳደጉት፣ የተጣሉትም የታረቁትም ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ወሎ ሰፈር የተከራዩት ቤት ግን መኝታው እውነተኛ በር አለው፤ ግጥም ብሎ የሚዘጋ የእንጨት በር። ማክሰኞና ዓርብ ሲስተር እጸገነት ትመጣለች። የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረች የምትንከባከብ ነርስ ናት። ለሃድጉ የሕመም ማስታገሻውን ትሰጠዋለች፣ ቁስሉን ትጠርግለታለች፣ ገላውን ታጥበዋለች። ስትገባ በሩን ትዘጋለች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል።

ሳቅ! ለሚስቱ ሲሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰውዬ ለሲስተር ይስቃል።

ጎረቤቷ ጦቢያ ደግሞ እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ታውቅበታለች።

«ሲስተር ገባች? ልጅ እግር ናት አይደል?» አለቻት አንድ ቀን።

«ምን ለማለት ነው?»

«ኧረ እኔ ምንም አልወጣኝም። ማለቴ፣ ዘጋ አድርገው ሲቀመጡ አየሁ እንጂ።»

ፀሐይቱ አላስታመመችውም ብሎ የሚናገር ካለ ውሸታም ነው። አጥሚቱን የምታዘጋጀው፣ አንሶላውን የምታጥበው እሷ ናት። ብቻ ስትገባ በሩን በክርኗ ገፍታ ነው፤ ገብታም ብርድ ልብሱን ገልጣ ታያለች። ጠያቂ ሲመጣ ወንበሩን አልጋው ዳር አስጠግታ፣ «ትላንት ከስንት ቀን በኋላ ሆዱ ሄደለት፣ ተመስገን ነው! አንሶላውን ግን አትጠይቁኝ» ትላለች፤ አብረውት ትሪ ሲሸከሙ በኖሩት በሆቴል ጓደኞቹ ፊት። ሃድጉ ያኔ ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላታል።

አንድ ጠዋት ልታጥበው ስትል እጇን ያዘ።

«ተይው። ሲስተር ትምጣ።»

«እኔ ሚስትህ አይደለሁም እንዴ?»

«ነሽ። ተይው በቃ።»

ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ሃድጉ ሊሞት ነው፤ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። የቀረችውን ጥቂት ጊዜ ደግሞ ለሌላ ሴት እየሰጣት ነው። ከሞት ጋር ተካፈይ ቢሏት የምትችለው ይመስላት ነበር፤ ከእጸገነት ጋር መካፈሉ ግን አንጀቷን አሳረረው። በዚያ ሳምንት ዓርብ ጆሮዋን በሩ ላይ ስትለጥፍ ደግሞ ምን ትስማ? «ቶሎ በይ ሲስተር፣ ፀሐይቱ ሳትመጣ!»

ለማክሰኞ ወጥመድ አዘጋጀች። «ገበያ ደርሼ እመጣለሁ፤ የውጭውን በር ገርበብ አድርጌልሻለሁ» ብላ ለእጸገነት ደወለች። ነጠላዋን አጣፍታ ደህና ዋል አለችና የውጭውን በር እንዲሰማው አድርጋ ከፍታ፣ መልሳ ገርበብ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ ኩሽና ውስጥ ተደበቀች። በዚህ ዕድሜ!

እጸገነት መጣች። መኝታ ቤቱ ጋ ስትደርስ ግን አልገባችም። በጣቷ ሁለቴ አንኳኳች።

«ጋሼ ሃድጉ፣ እጸገነት ነኝ። ልግባ?»

«አንዴ ጠብቂኝ» አለ ከውስጥ።

ጠበቀች። በሩ አልተቆለፈም፤ የተኛውም ሰው ተነስቶ የሚከፍት አይደለም። ልጅቱ ግን ዕቃዋን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ፀሐይቱ ማበጠሪያው ኮመዲኖው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ግቢ።»

ቤቱ ባዶ መስሏቸው በሩን አልዘጉትም።

«ከየት ልጀምርልዎ ዛሬ?»

«ከፊቴ።» ውሃው ተንጨባጨበ። «አየሽ ሲስተር፣ ዕድሜዬን የሰው በር ሳንኳኳ ኖርኩ። አንዱ ግባ ይለኛል፣ ሌላው ሂድ ይለኛል። ለእኔ የተንኳኳልኝ አሁን ልሞት ስል ነው። ባለ ክፍል ሆንኩ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ጠረን ደህና አድርገሽ አስለቅቂልኝ፣ ፀሐይቱ ሳትመጣ። ያቺ ሴት ኮቴን ሳታሸት ሰቅላው አታውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ምንም አላገኘችብኝ፤ አሁን ይሄን ታግኝብኝ?»

ፀሐይቱ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አለች። ቅናቱ የለቀቃት እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ባሰባት። ሴት ብትወስድባት ፀጉሯን ነጭታ ማባረር ታውቃለች። በር ማንኳኳት ግን እሷም የምትችለው ነገር ነበር። በራሷ ቤት፣ በራሷ ባል፣ ሌላ ሰው ቀደማት።

ዓርብ ዕለት በመስቀል አደባባይ በኩል ያለው መንገድ ለሰልፍ ተዘጋ። «እትዬ ፀሐይቱ፣ ታክሲ አጣሁ። ከሰዓት ነው የምደርሰው» ብላ እጸገነት ደወለች። የሃድጉ መታጠብ ደግሞ እስከ ከሰዓት የሚቆይ አልነበረም፤ ጠረኑ ሳሎን ደርሷል። እሱ ግን አልተጣራም።

ፀሐይቱ ውሃ አሞቀች። ሳፋውን ተሸክማ እንደ ልማዷ በሩን በክርኗ ልትገፋ ስትል ቆመች። ሳፋውን መሬት አስቀመጠችና ሁለቴ አንኳኳች።

«ሲስተር?»

«ፀሐይቱ ነኝ። ልግባ?»

እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደ፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሂጂ ቢላትስ? ሂጂ ካላት ትሄዳለች። መሄዱ እንዴት እንደሚያንገበግባት ቆማ ሳለ አወቀችው። ውሃው እየበረደ ነው።

«አንዴ ጠብቂኝ» አለ።

ጠበቀች። ማበጠሪያው ኮመዲኖው ላይ ተቀመጠ፤ ዛሬ ለእሷ።

«ግቢ።»

ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሯል። አንሶላውን እስከ ደረቱ ስቦ ትክ ብሎ አያት።

«ማንኳኳት ማን አስተማረሽ?»

«ቅናት» አለችው።

ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው። እስኪያልፍለት ጠብቃ ፎጣውን ነክራ ጨመቀች።

«ከየት ልጀምርልህ?»

«ከፊቴ። አፍንጫሽን ግን ወዲያ አድርጊልኝ።»

ፀሐይቱ ጎንበስ አለችና፣ ድሮ ኮቱን እንደምታሸትተው፣ አንገቱን አሸተተችው።

«ሌላ ሴት አልሸተተኝም» አለችና ከፊቱ ጀመረች።